ሸራውን ለአንዱ፣ ቋሚውን ለሌላው

ጡረታ በወጣሁበት ሰሞን ቢሮዬን የተረከበኝ ወጣት ዳኛ፣ መዝገቦቹን አንድ በአንድ አመሳክሮ ከፈረመ በኋላ አንድ ጥያቄ አቀረበልኝ። «በሥራ ዘመንዎ ከሰጧቸው ፍርዶች የሚኮሩበት የትኛው ነው?» አለኝ። ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነበርና የይስሙላ መልስ ልሰጠው አልፈለግሁም። እኮራባቸዋለሁ ብዬ የማስባቸውን ፍርዶች ባነሳቸው ባነሳቸው አንድ በአንድ ደበዘዙብኝ፤ ጎልቶ የቀረው የተሳሳትሁበት ብቻ ሆነ። «አስቤበት እጽፍልሃለሁ» ብዬው ተለያየን። ያልሁት ጽሑፍ ይህ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውቅ። ለዚህ ጽሑፍ ሁለት ምንጮች አሉኝ፤ አንዱ ትዝታዬ ነው፤ ሌላው ከችሎት በወጣሁ ቁጥር ጥቂት መስመር የምጽፍበት ደብተሬ ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አይስማሙም። ትዝታዬ ፀሐይ ነበረ የሚለውን ቀን ደብተሬ ጉም ነበረ ይላል። ምስክሮች ሲጣረሱ ዳኛ ማድረግ የሚገባውን አደርጋለሁ፤ ልዩነቱን ሳልደብቅ እናገራለሁ። የመንደሩንና የሰዎቹን ስም ግን ሆን ብዬ ለውጫለሁ።

ሕግ የተማርሁት አዲስ አበባ ነው። ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ መርሐቤቴ ቆላ ተመደብሁ፤ ከዚያ ወደ ግሼ ወጣሁና፣ ጣት በብርድ ደንዝዞ ብዕር በማይጨብጥበት በራቤል ደጋ ጥቂት ዓመታት ሠራሁ። መንግሥት ሲለወጥ ከባልደረቦቼ ብዙዎቹ ተሰናበቱ፤ እኔ ቀረሁ። ለምን እንደ ቀረሁ ዛሬም በእርግጠኝነት አላውቅም፤ ምናልባት የግል ማኅደሬ ቀጭን ስለ ነበር ይሆናል። ቀጥሎ ወደ መንዝ ተዛወርሁ። ስለ ደመወዙ ብዙ አልልም፤ በሞላሌ ገበያ በግ የሚነግዱት ባለጉዳዮቼ ያዝኑልኝ እንደ ነበር ብቻ ልጠቁም።

መንዝ ውስጥ ያገኘሁት ትልቁ ሀብት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ አቶ ዘውዴ ነበሩ። በማዕረግ እኔ አለቃ፣ እሳቸው የበታች ነበሩ፤ በሥራው ግን ተማሪው እኔ ነበርሁ። አቶ ዘውዴ የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም። ዳዊት ደግመው፣ ቅኔ ተምረው፣ በንጉሡ ዘመን የአጥቢያ ዳኛ ጸሐፊ ሆነው ወደ ሥራው ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት መንግሥት በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ አገልግለዋል።

ሦስት ልማዶች ነበሯቸው። የመጀመሪያው፣ ነገር ሲከብድ መነጽራቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ቀስ ብለው መጥረግ ነው፤ ጠርገው እስኪጨርሱ ማንም አይናገርም። ሁለተኛው፣ የወገን ስም መዝገብ ላይ አለመጻፍ ነው። ባለጉዳይ «እነዚያ እንትኖች» ብሎ ሲጀምር ብዕራቸውን ያነሡና «የሰው ስም ንገረኝ፤ እንትን የሚባል ሰው አላውቅም» ይላሉ። ሦስተኛው ከሁለቱም ይበልጥ ነበር። ተከራካሪው የራሱን ነገር ከመናገሩ በፊት የባላጋራውን ነገር በባላጋራው አፍ እንዲናገር ያደርጉታል፤ ባላጋራው «አዎ፣ ነገሬ ይኸው ነው» እስኪል ድረስ አይለቁትም።

በመጀመሪያው ወር ያየሁትን አልረሳም። ሁለት ሴቶች በአንድ በግ ተጣልተው መጡ። አቶ ዘውዴ አንደኛዋን «እሷ ምን ትላለች?» አሏት።

«በጉ የኔ ነው ትላለች።»

«ለምን የእሷ ሆነ?»

«ጆሮው ላይ ምልክት አለው ትላለች።»

«ሌላስ?»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለች። ቆይታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ባሏ ሲሞት ከተዝካሩ የተረፋት እሱ ብቻ ነው ትላለች» አለች። ሌላይቱ «ነገሬ ይኸው ነው» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያ መዝገብ እኔ ዘንድ ሳይደርስ ተዘጋ። እኔ ግን ያን ጊዜ ነገሩን እንደ አንድ ደግ ሽማግሌ ጠባይ አየሁት እንጂ እንደ ሙያ አላየሁትም። ሙያ መሆኑን የተማርሁት ከስሕተቴ ነው።

በእነዚያ ዓመታት በአገራችን የመሬት ድልድል ተደረገ። ባለፉት መንግሥታት በገበሬ ማኅበርና በመሳሰለው ያገለገሉ ሰዎች «ቢሮክራሲ» ተብለው ከይዞታቸው ተቀነሰ፤ የተቀነሰው ላነሳቸው ወይም ምንም ለሌላቸው ተሰጠ። የድልድሉን ተገቢነት መመዘን የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። በሰው ማሳ ላይ ሲያርስ የኖረ ሰው የራሱን መሬት ሲያገኝ የነበረው ደስታ እውነት ነበር፤ ያደገበት ማሳ በገመድ ተለክቶ የተወሰደበት ሰው ሐዘንም እውነት ነበር። ሁለቱም በችሎቴ ፊት ቆመዋል።

አስታ አፋፍ ብዬ የምጠራት መንደር በዚህ ምክንያት ለሁለት ተከፈለች። አንዱ ወገን ሌላውን «ቢሮክራሲ» ይለዋል፤ ያኛው ደግሞ ይህኛውን «ገመድ ጎታች» ይለዋል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እነዚህ በምሥራቁ በር፣ እነዚያ በምዕራቡ ይገባሉ። በአንድ አውድማ መውቃት ቀረ። በመጨረሻም ቅሬያቸው፣ ማለት በከተማ እድር የምንለው የቀብር ማኅበራቸው፣ ለሁለት ተሰነጠቀ።

የአንደኛው ወገን መሪ አቶ አጥናፌ ነበሩ፤ ቀድሞ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር የነበሩ፣ ከመሬታቸው የተቀነሰባቸው። የሌላኛው መሪ አቶ ደጀኔ ነበሩ፤ በዕድሜ ያንሳሉ፣ የድልድሉ ኮሚቴ አባል ሆነው ገመድ የያዙ። ነገሩን ያከበደው ሁለቱ አበልጆች መሆናቸው ነው። የአቶ አጥናፌ ባለቤት ወይዘሮ ጥሩነሽ የአቶ ደጀኔን ልጅ ውዴን ክርስትና አንሥተዋታል።

ሁለቱ ወገኖች ድንኳኑን ፍለጋ እኔ ዘንድ መጡ። ሁሉም በግ እየሸጡ በጋራ ያሠሩት አንድ የለቅሶ ድንኳን ነበር፤ እያንዳንዱ ወገን ሙሉውን ለእኔ ይላል። ተሸጦ ዋጋውን ተካፈሉ ብል ሁለቱም እምቢ አሉ። ሦስት ቀን አሰብሁ። በአራተኛው ቀን ያገኘሁት መፍትሔ በጣም አስደሰተኝ። ሸራውን ለአቶ አጥናፌ ወገን፣ ቋሚዎቹን፣ ካስማዎቹንና ገመዶቹን ለአቶ ደጀኔ ወገን ፈረድሁ። ዋጋቸው ይቀራረባል። ከዚህም በላይ፣ ሸራ ያለ ቋሚ አይቆምም፤ ስለዚህ ሞት በመጣ ጊዜ ሁሉ መፈላለጋቸው አይቀርም፤ እየተፈላለጉ ይታረቃሉ አልሁ።

ረቂቁን ለአቶ ዘውዴ አነበብሁላቸው። መነጽራቸውን ጠረጉ። ጨረሱ ስል እንደገና ጠረጉ።

«ብልህ ፍርድ ነው» አሉ። «አስታ አፋፍ ሄደው ያውቃሉ?»

«አልሄድሁም።»

«እንግዲህ ወደ መዝገቡ እገለብጠዋለሁ።»

«ብልህ» ማለታቸው ምስጋና መሰለኝ።

በሐምሌ የአቶ ደጀኔ አባት ሞቱ። የሆነውን የሰማሁት ከብዙ ሰዎች ነው፤ በዋናው ነገር ሁሉም ይስማማሉ። የሸራው ወገን «ይለምኑ፣ እንሰጣለን» አለ። የቋሚው ወገን «ያምጡ፣ እንቀበላለን» አለ። ማንም አልለመነ፣ ማንም አላመጣ። የአቶ ደጀኔ ወገን በብሽቀት ቋሚዎቹን ያለ ሸራ ተከሉና ለቀስተኛው ከሥራቸው ተቀመጠ። ከቀትር በኋላ በረዶ ጣለ። ሰው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሸሽ የሟቹ እኅት፣ በዕድሜ የገፉ ሴት፣ «ወንድሜን ትቼ የት ልግባ» ብለው ከባዶዎቹ እንጨቶች ሥር አልነሣ አሉ። በማግሥቱ ታመሙ። መስከረም ሳይጠባ ሞቱ። የገደላቸው ያ ቀን ነው ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለኝም። አልገደላቸውም ለማለትም የለኝም።

ዜናውን በሰማሁ በሳምንቱ ብቻዬን ወደ አስታ አፋፍ ወጣሁ። ቋሚዎቹ አልተነቀሉም ነበር። በገብስ ማሳዎች መካከል፣ በጉሙ ውስጥ፣ ምንም ሳይሸከሙ ቆመው አየኋቸው። ሰዎቹን ያስገድዳቸዋል ብዬ የፈረድሁት ፍርድ ከእልሃቸው ጋር አብሮ ቆሞ ነበር። የተጣላ ሰው የሚያስፈልገውን ነገር ከባላጋራው እጅ ከሚለምን፣ ያ ነገር ቢቀርበት እንደሚመርጥ በትምህርት ቤት አልተማርሁም፤ እዚያች መንደር አንድ ቀን ውዬ ቢሆን ግን ማንም ይነግረኝ ነበር።

ስመለስ ለአቶ ዘውዴ ፍርዱን ላርመው እፈልጋለሁ አልኋቸው። የይግባኙ ጊዜ አልፏል፤ ዳኛ ደግሞ የራሱን ፍርድ መልሶ አይነካም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ።

«ዳኛው ሥልጣን የለውም» አሉኝ። «እርስዎ ግን እግር አለዎት። ሲጠሩዎት ይሄዳሉ።»

«ማን ይጠራኛል?»

«ይጠራል።»

የጠራኝ ሰው በጥቅምት መጣ። የአቶ ደጀኔ ልጅ ውዴ ነበረች፤ ያን ጊዜ ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች። ቢሮዬ በር ላይ ቆማ፣ በቃሏ የያዘችውን መልእክት ሳታንጠባጥብ ነገረችኝ።

«የክርስትና እናቴ ልካኝ ነው። ‹ታምሜአለሁ፤ መዳኔን እንጃ። በግማሽ ድንኳን እንዳታለቅሱብኝ። የከፈለው ዳኛ መጥቶ ይግጠመው› ብላለች።»

«እዚያ ቤት መግባትሽን አባትሽ ያውቃል?»

«ያውቃል። እንዳላወቀ ሆኖ ነው የሚያልፈው።»

መልእክቱ በወረዳው ተሰማ መሰለኝ፣ አንድ ኃላፊ ድምፅ ማጉያና መፈክር ያለበት የዕርቅ በዓል እናዘጋጅ የሚል ሐሳብ ይዘው መጡ። አቶ ዘውዴ በትሕትና «የኛ ነገር ታማሚ መጠየቅ ነው፤ በድምፅ ማጉያ ታማሚ አይጠየቅም» አሏቸው። ኃላፊው ሳቁና ተዉት። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ቅዳሜ ጧት ከአቶ ዘውዴ ጋር ወጣን፤ እሳቸው በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ከበሩ አጠገብ ባለው መደብ ላይ የሱፍ ባና ተከናንበው ተኝተው ነበር። ፊታቸው ቢከሳም ዓይናቸው አልደከመም። አቶ አጥናፌ ከራስጌያቸው ተቀመጡ። አቶ ደጀኔ በልጃቸው ተጎትተው መጡና ወደ ውስጥ አልገባም ብለው ደፉ ላይ ተቀመጡ፤ ግማሽ ገላቸው ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ።

«ግባ፣ ብርዱን አታስገባብኝ» አሏቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ።

«እዚህ ይበቃኛል።»

«ላንተ ይበቃህ ይሆናል፤ እኔን ነው የሚበርደኝ።»

አቶ ደጀኔ ገቡ።

አቶ ዘውዴ መነጽራቸውን ጠረጉ። ወረቀት አላወጡም። «ደጀኔ፣ የአጥናፌን ነገር በአጥናፌ አፍ ንገረኝ» አሉ።

«ሌባ ነው ይለኛል።»

«ስድቡን አልጠየቅሁህም። ነገሩን።»

አቶ ደጀኔ መሬት መሬቱን እያዩ ጀመሩ። «ማሳው አባቴ ድንጋዩን ለቅሞ ያቀናው ነው ይላል። ሊቀ መንበር የሆንሁት ተመርጬ ነው፣ ለምኜ አልገባሁም ይላል። ከሹመቱ ያተረፍሁት ጠላት ብቻ ነው ይላል።»

«አጥናፌ፣ ነገርህ ይኸው ነው?»

«ድንጋዩን የለቀመው አባቴ አይደለም፤ አያቴ ነው።»

«ይታረም።»

«አያቱ ነው» አሉ አቶ ደጀኔ፣ እየከበዳቸው።

«አሁን ይኸው ነው» አሉ አቶ አጥናፌ።

ተራው ወደ እሳቸው ዞረ። «እሱ ምን ነገር አለው? መሬት ያገኘ ሰው ነገር የለውም» አሉ።

«አለው» አሉ ወይዘሮ ጥሩነሽ ከመደቡ። «ምን እንደሆነም ታውቃለህ።»

ውጭ በግ ሲጮኽ ይሰማ ነበር። አቶ አጥናፌ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «በሰው ማሳ በእኩል እያረስሁ ልጆች አሳደግሁ ይላል» ብለው ጀመሩ። «አበልጄ ሊቀ መንበር ሳለ መሬት እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት፤ ነገ አለኝ። በዓመቱም ጠየቅሁት፤ ነገ አለኝ። ሦስተኛ ብጠይቀው ያሳፍረዋል ብዬ ተውሁት ይላል።»

አቶ ደጀኔ ቀና አሉ። «ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።»

«አልተናገርህም» አሉ አቶ አጥናፌ። «እኔ ግን አውቀዋለሁ።»

እዚህ ላይ ምንጮቼ ይጣላሉ። ይህን የመጨረሻ ቃል የተናገሩት ወይዘሮ ጥሩነሽ ናቸው ይላል ደብተሬ። ትዝታዬ አቶ አጥናፌን ነው የሚያሰማኝ። ደብተሩ የተጻፈው በዚያው ዕለት ስለሆነ በሕግ ዐይን ይመረጣል። እኔ ግን ለአቶ አጥናፌ መድቤዋለሁ፤ ይህን ሳደርግ ገለልተኛ አለመሆኔንም አምናለሁ።

«በልኬታው ቀን ገመዱን ሌላ ሰው ይያዘው ማለት እችል ነበር» አሉ አቶ ደጀኔ። «ባንቱ ማሳ ላይ እንኳ። አላልሁም። አንቱም ከዳር ቆመው ያዩኝ ነበር።»

«አይቼሃለሁ። አንተ አላየኸኝም።»

«ማየት አልቻልሁማ።»

ይቅርታ የሚለውን ቃል ማንም አላወጣም። አቶ ዘውዴም አውጡ አላሉም። ወይዘሮ ጥሩነሽ ባናውን ገለጥ አድርገው «በቃ፣ አሁን ትከሉት» አሉ።

«ምኑን?» አሉ ባላቸው።

«ድንኳኑን። ሳልሞት ልየው።»

«አንቺ ሴት፣ ይህ ሟርት ነው። በሕይወት ላለ ሰው የለቅሶ ድንኳን ይተከላል?»

«ከሞትሁ በኋላ ብትጣሉበት በምን አውቃለሁ? ሟርት ከሆነ ዘንድሮ ለውዴ ሠርግ ነው በሉት።»

ውዴ ፊቷን ሸፈነች። አባቷ ሳቁ፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አስቀድሜ ልናገርና ወደዚያ ቀን ልመለስ። መሬቱ አልተመለሰም፤ ይመለሳል ያለም አልነበረም። ሁለቱ ስድቦችም ከአስታ አፋፍ ፈጽመው አልጠፉም፤ በዚያ ቀንም ከየወገኑ ተጠርተው የቀሩ ነበሩ። ነገር ግን ቅሬው በዳግም ትንሣኤ አንድ ሆነ፤ በአንድ በር መግባትም ቀስ በቀስ ተለመደ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ዳኑ። የውዴን ሠርግ በላይኛው ወንበር ተቀምጠው አዩ፤ ብዙ ዓመትም ኖሩ። ሲያርፉ እኔ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሬ ስለነበር አልደረስሁም። ሬሳቸውን ከተሸከሙት መካከል ሁለቱ አበልጆች እንደ ነበሩ፣ በሙሉ ድንኳን ሥርም እንደ ተለቀሰላቸው አቶ ዘውዴ በዚያው በማይለወጠው የእጅ ጽሑፋቸው ጽፈውልኛል። እኔም ከዚያ በኋላ ቦታውን ሳላይ፣ የአንዱን ነገር በሌላው አፍ ሳልሰማ ፍርድ አልጻፍሁም። መዝገቦቼ ዘገዩ ተብዬ በየስብሰባው ተወቀስሁ። ወቀሳው ትክክል ነበር፤ ደስ እያለኝ ተቀበልሁት።

ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። ሸራው ከአንዱ ቤት፣ እንጨቱ ከሌላው መጣ። ከቋሚዎቹ አንዱ ጠፋ፤ ለካ አቶ ደጀኔ የበግ ቤታቸውን ጣራ ደግፈውበታል። አቶ አጥናፌ ከጓሯቸው ባሕር ዛፍ ቆርጠው አመጡ፤ አጠረ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ተደግፈው ወጡና ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ያዝዙ ጀመር።

«ያ ማዕዘን ዝቅ ብሏል።»

«እንጨቱ አጭር ነው» አሉ አቶ አጥናፌ።

«ቆራጩ ነው የተቻኮለ» አሉ አቶ ደጀኔ።

«የረዥሙ ባለቤት በጎቹን አስጠልሎበት ነዋ።»

ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ማዕዘኑን ከፍ ሲያደርጉ ነፋስ መጣና ሸራው ተነፋ። ከየአቅጣጫው ሰው ሮጦ መጣ፤ ቢሮክራሲውና ገመድ ጎታቹ እየተጋፋ ገመድ ይይዝ ጀመር። እኔ ካባ እንደ ለበሰ ሰው እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆሜ ነበር። ወይዘሮ ጥሩነሽ አዩኝ።

«ዳኛው፣ አንቱም ዝም ብለው ከሚቆሙ ያችን ገመድ ይያዙ» አሉኝ።

ያዝሁ። ገመዱ ከሱፍና ጭረት ከሚባለው ቃጫ የተገመደ፣ እጅ የሚፍቅ ነበር፤ ነፋሱም ኃይለኛ ነበር። እንዳልለቀው ተረከዜን መሬት ውስጥ ተከልሁ። በሥራ ዘመኔ ያን ያህል የረባሁበት ሰዓት ትዝ አይለኝም። ጥቂት ቆይቶ ካስማ የያዘ አንድ ሰው መጣና «ደከሙ፣ ወዲህ ይስጡኝ» ብሎ ተቀበለኝ። ማን እንደ ነበረ፣ ከየትኛው ወገን እንደ ነበረ አላስታውስም። ደብተሬንም ብዙ ጊዜ ገልጬ ፈለግሁ፤ አልጻፍሁትም።